አገጭ ሰፍታ ብቻ ለማትሸኘው ሲስተር ምስጋና

ባሕር ዳር ልጁ ሁሉ ብስክሌት ላይ ነው የሚያድገው፤ በአገጩ መውደቅም አብሮ አለ። ይህን የምንጽፈው ከጣና ዳር ጤና ጣቢያ የተጎዱ ልጆችን ወደ ከተማ የምንልክ ባለሙያዎች ነን። ምስጋናችን ለአንዲት የአፍና መንጋጋ ክፍል ሲስተር ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለች ትተነዋል። እግዜር ይስጥልን ሲስተርዬ።

የሚያንገበግበን ይህ ነው። ልጅ በአገጩ ሲወድቅ ምቱ አገጩ ላይ አይቀርም፤ በመንጋጋው ተሻግሮ ጆሮ ሥር ያለውን ቀጭኑን የአጥንት አንገት ሊሰብር ይችላል። ደም የሚታየው ግን አገጩ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ስፌት፣ የቲታነስ መርፌ፣ ማስታገሻ፣ «ሂዱ ይድናል»። አፍህን ክፈት የሚለው የለም፤ ከጆሮው ፊት በጣቱ ጫን አድርጎ የሚያይ የለም። አንዱ ወጌሻ ሲያሸው ከርሞ ይመጣል፤ ሌላው መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ከወር በላይ ቆይቶ። የትና በማን የሚለውን እንተወው።

ከዚያ አንገት በላይ ያለው የልጅ መንጋጋ ራስ ለስላሳና ደም የበዛበት ነው። ሲደቅ መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ይቋጠራል፤ እንቅስቃሴ ካጣ ቀስ በቀስ አጥንት ሆኖ መንጋጋውን ከራስ ቅሉ ጋር ያጣብቀዋል። ትንንሾቹ ላይ ደግሞ ይብሳል። የተጣበቀው ጎን እድገቱ ይገታል፣ አገጩ ወደዚያው ይጣመማል፣ ልጁ ሌሊት ያንኮራፋል፣ ብሩሽ ስለማይገባ ጥርሱ ይበላሻል። ያን ጊዜ አጥንቱን ቆርጦ ማላቀቅ የግድ ነው፤ አፉ ለማይከፈት ልጅ ደግሞ ማደንዘዣው ራሱ ከባድ ነው።

ሲስተር ስፌቱን ከመንካቷ በፊት ልጁ የራሱን ሦስት ጣት ደርቦ አፉ ውስጥ ማስገባት ይችል እንደሆነ ታያለች። ሲከፍት አገጩ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ስብራቱ በዚያው ጎን ሊሆን ይችላል። ሲገጥም የኋላ ጥርሱ በአንድ ወገን ብቻ ቀድሞ ከነካም ወደ ሐኪሙ ትልከዋለች፤ ተራ ራጅ ሊያመልጠው ስለሚችል ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

አብዛኛው ልጅ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። የጥርሱ ግጥሚያ ከተዛባ የላይና የታች ጥርሱ ከ7 እስከ 10 ቀን በላስቲክ ይያዛል፤ ከዚያ ወዲያ ማቆየት መገጣጠሚያውን ለመጣበቅ ማመቻቸት ነው። ልጁን የሚያድነው ልምምዱ ነው፤ እሷ ደግሞ እዚህ ላይ ወደር የላትም። የምላስ መጫኛ እንጨቶችን ደርባ በላስቲክ ታስራለች፣ በእያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ትጽፋለች። ልጁ ሲፈራ የራሷን እስር አፏ ውስጥ ከታ አብራው በጣቷ ትቆጥራለች። አንዱ እንጨት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ 10 ከገባ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተከፈተ ማለት ነው፤ የምንፈልገው 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው።

ቤት ውስጥ በቀን 5 ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ። መጀመሪያ ጆሮ ሥር ሞቅ ያለ ፎጣ፤ ማስታገሻ ከታዘዘ ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት በፊት። እንጨቱ የሚነቃነቅ የወተት ጥርስ ላይ አይጫን። ሕመሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ነገ ቁጥሩን አትጨምሩ፣ ግን አታቁሙ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥሚት፣ ገንፎ፣ እሾሁ የተለቀመ ዓሣ፤ ቆሎና ሸንኮራ ይቅር። ተጣብቆ ኦፕራሲዮን ለተደረገለት ልምምዱ ቢያንስ 6 ወር ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ልጁ ሲያለቅስ እናት አዝና ስትተው ነው። ሲስተር ይህን ስለምታውቅ ማታ ትደውላለች፦ «ዛሬ ስንት ገባ?» ከዘጌ በጀልባ ለሚመጡትም ጀልባው ሳይመለስ እንዲጨርሱ አድርጋ ትቀጥራለች። እንዲህ ያለ ሰው ከተማችን ውስጥ እያለ ልጅ አፉ ተዘግቶ አይቅር።

አድራሻዋን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንልካለን። ልጁ የወደቀው ከወራት በፊት ቢሆንም፣ ስፌቱ ደርቆ ቢሆንም አምጡት፤ የድሮውን ራጅም ያዙ። ከዳነ በኋላም እድገቱን እስኪጨርስ በየዓመቱ ይታይ።