ዩዝድ ላፕቶፔ ከ9 ወር በኋላ፦ ቻርጀሩ ሲነቀል ድርግም

ይቺን ላፕቶፕ መስከረም ላይ ነው አዲስ አበባ ወርጄ ዩዝድ የገዛኋት፣ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ ያላት፣ ደብረ ብርሃን ላለችው የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቴ። በስራ በኩል እውነቱን ለመናገር አልበደለችኝም፣ ኪቦርዷን ቀኑን ሙሉ ስደበድበው እውላለሁ አንድ ፊደል አልተነቀለም። ጉዷ ባትሪዋ ነው።

መጀመሪያ 2 ሰዓት ተኩል ትይዝ ነበር። ጥር ላይ የአንዲት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እያስተካከልኩ መብራት ሄደ፣ ላፕቶፗም አብራ ድርግም። ባትሪው እኮ 71 ፐርሰንት ይል ነበር! ልጅቷ "ጋሼ፣ ሴቭ አድርገውታል አይደል?" ስትለኝ ምን ልበላት፣ 6 ገጽ ሄዷል።

አንዱ ሰሪ ገና ሳይከፍታት "ማዘርቦርዱ ነው" አለና የላፕቶፗን ግማሽ ዋጋ ጠራልኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ከዛ ራሴ ጀመርኩ። የጓደኛዬን ቻርጀር ሞከርኩ፣ ያው ነው። አጥፍቼ ቻርጀሩን ነቅዬ ፓወር በተኗን 30 ሰከንድ ይዤ ቆየሁ፣ እሱም ምንም። ከዛ ሲኤምዲ (ዊንዶውስ ላይ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ከፍቼ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣውን ትዕዛዝ (ፓወር ሲኤፍጂ፣ ስላሽ፣ ባትሪ ሪፖርት) ስጽፍበት ነገሩ ተገለጠ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ (አዲስ ሳለ ሞልቶ የሚይዘው) 42,000 ሚሊዋት አወር፣ አሁን ሞልቶ የሚይዘው 17,600። ያ 71 ፐርሰንት የሚለው የዚችኑ የቀረችውን 71 ነው። ደግሞ ብራይትነሱን ቀንሼ ዎርድ ብቻ ስከፍት 10 ደቂቃ ቆየች፣ ክሮም ላይ ቪዲዮ ስከፍት ወዲያው ጠፋች። ያረጀ ባትሪ ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ ስለሚጨምር ብዙ ፓወር ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ላፕቶፑም ፐርሰንቱን ሳያይ ይጠፋል።

የሚያናድደኝ ግን ምልክቱን ከታህሳስ ጀምሮ እያየሁት ነበር። ታችፓዷ ስጫነው ቀጭ ማለት ትቶ ነበር፣ እኔ ደግሞ የቆሎ ፍርፋሪ ገብቶበት ነው ብዬ በጥርስ ብሩሽ ስጠርግ ከረምኩ። ጀርባዋን ስከፍት ባትሪው እንደ ትራስ አብጦ ታችፓዱን ከስር እየገፋው ነው ለካ።

ጥፋቱም የኔው ነው መሰለኝ። የኛን ሀገር የህዳር ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እኔም ላፕቶፗ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ማታ ማታ ቻርጀሯ እንደተሰካ በመንዝ ባና ጠቅልዬ ነበር የማሳድራት። ሊትየም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ደግሞ ሙቀትና ሁልጊዜ 100 ላይ መቆየት ነው፣ እኔ ሁለቱንም በአንድ ባና ሰጠኋት ማለት ነው።

አዲስ ባትሪ በ4,800 ብር አስገባሁ። ስትገዙ በላፕቶፑ ሞዴል ብቻ አትሂዱ፣ አሮጌው ባትሪ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ እሱን አሳዩ፣ ገጥማችሁም ሪፖርቱን እዛው ሱቁ ላይ አውጡት፣ "ኦሪጅናል" የሚባለው ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም። ባዮሷ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ቻርጁን 80 ላይ የሚያቆም ነገር ስላለ እሱን አበራሁት። አሁን ወደ 3 ሰዓት ትሄዳለች፣ ታችፓዱም ቀጭ ማለት ጀምሯል።

የቀረኝ ያበጠው ባትሪ ነው። መብሳትም እሳት መክተትም አይቻልም፣ ቆሻሻ ጋር ልጥለው ደግሞ ፈራሁ፣ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ አድርጌ በረንዳ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ ባየችው ቁጥር "ያንን ቦምብህን ከበረንዳዬ አንሳልኝ" ትለኛለች።