ኪንግስተን ኤ400 ኤስኤስዲ፣ ባለ 240 ጊጋባይት፦ ማን ይግዛው?

በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ ተማሪ እጅ ላይ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ኤ400 በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ፣ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ (ኤስኤስዲ) ነውና የሚፈታው ይህንን ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ምንም ሳይሠሩበት ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተቸከለ ይግዙት። የሞላው ሜሞሪው ከሆነ ግን ራም ይጨምሩ፤ 4 ጊጋባይት ዛሬ አያወላዳም። ማራገቢያው እየጮኸ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚወርድ ከሆነም መፍትሔው አቧራ ማጽዳትና የፕሮሰሰሩን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) መቀየር ነው፤ የባህር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ይህን ያባብሰዋል።

ሲያነብ በሰከንድ እስከ 500፣ ሲጽፍ እስከ 350 ሜጋባይት ይሄዳል። የራሱ ዲራም (ፈጣን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ስለሌለው ፊልም በብዛት ሲገለብጡበት ይደክማል፤ ለቢሮ ሥራ ግን ድክመቱ አይታወቅም።

አሮጌውን ዲስክ ወደ አዲሱ ከመገልበጥዎ በፊት የዲስክ ጤንነት በሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለ ፕሮግራም ይፈትሹት። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ሰነዶችዎን ብቻ አውጥተው ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ይጫኑ፤ የተበላሸ ዲስክ ሙሉ ግልበጣ መሃል ላይ ይቆማል። (መብራትም እንዲሁ፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ አይጀምሩ።) ሲገጥሙት ባትሪውን ይንቀሉ፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ስለሆነ እንዳይወዛወዝ የአሮጌውን ማቀፊያ ብረት ያዛውሩለት።

ሲገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ አሰክተው በዚሁ ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓት ይዩ። አዲስ ከተባለ ከዜሮ ብዙ መራቅ የለበትም።