4090 ላይ ራይዘን 7800ኤክስ3ዲ ከገጠምኩ በኋላ ያየሁት

ይሄን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ስምንት ወር ገደማ ተጠቅሜበታለሁ፣ ከአሁኑ ልናገረውና በጣም ነው የወደድኩት፣ ግን ለምን እንደወደድኩት ካልነገርኳችሁ ለማይሆናችሁ ሥራ ልትገዙት ስለምትችሉ ዘርዘር ላድርገው።

አርቲኤክስ 4090ን፣ ማለትም የጌሙን ምስል የሚስለውን የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ፣ መጀመሪያ የሰካሁት ራይዘን 5 3600 ያለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ካርዱን የሸጠልኝ ልጅ "4ኬ ላይ ከሆነ የምትጫወተው ፕሮሰሰሩ ለውጥ የለውም፣ ሥራው ሁሉ የካርዱ ነው" አለኝ፣ አመንኩት። ሳይበርፐንክ 2077 ከፍቼ ሰው የበዛበት ጎዳና ላይ ስገባ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ያምራል፣ ግን ካሜራውን ቶሎ ባዞርኩ ቁጥር ገታ ገታ ይላል። ሰቲንጉን ዝቅ አደረግኩ፣ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ንቅንቅ አላለም። ሪዞሉሽኑንም (ምስሉ የሚሠራበትን የነጥብ ብዛት) ከ4ኬ ወደ 1080ፒ አወረድኩት፣ አሁንም ያው ነው። ያነቃኝ ይሄ ነው፣ ካርዱ ቢሆን ኖሮ የከበደው ሥራ ሲቀነስለት ፍሬሙ መጨመር ነበረበት።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥር የሚያሳየውን ፕሮግራም ከፍቼ ሳይ ካርዱ 50 እና 60 ፐርሰንት መሀል ይዋዥቃል፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ 65 ምናምን ይላል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ "ፕሮሰሰሩ 100 አልሞላም፣ ስለዚህ ችግሩ እሱ አይደለም" ይላል። 65 እኮ የ12ቱም ትሬድ (ፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን ሥራ የሚሠራባቸው መስመሮች) አማካይ ነው! ጌም ሥራውን ለሁሉም እኩል አያካፍልም፣ አንድ ዋና ትሬድ አለ፣ እሱ ከሞላ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ስለዚህ መታየት ያለበት የካርዱ ቁጥር ነው፣ ፍሬም ሳይገደብ ካርዱ ወደ 95 እና ከዚያ በላይ ካልወጣ የሆነ ነገር ይዞታል ማለት ነው፣ የሚይዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው።

እያንዳንዱ ፍሬም ካርዱ ጋ ከመድረሱ በፊት ፕሮሰሰሩ ጋ ያልፋል። ማን የት ቆመ፣ ጥይቱ ምን መታ፣ መኪናው በየት ዞረ፣ ምን ምን ይሳል የሚለውን ሁሉ አስልቶ ለካርዱ የሚያቀብለው እሱ ነው። 60 ፍሬም ከሆነ የሚፈለገው ለዚህ ሁሉ 16.7 ሚሊ ሰከንድ አለው፣ 144 ሲሆን ወደ 7 ይወርዳል፣ 240 ሄርዝ ሞኒተር ላይ ደግሞ 4.2 ብቻ ነው የሚቀረው። ሪዞሉሽን መጨመር የካርዱን ሥራ እንጂ የፕሮሰሰሩን ብዙም አይጨምርም፣ ሻጩ ያለኝ ነገር ከዚህ የመጣ ነው፣ በከፊል እውነት ነው፣ ግን ሁለት ነገር ዘሏል።

አንደኛው ዲኤልኤስኤስ ነው፣ ምስሉን በትንሹ ስሎ የሚያሳድገው የኤንቪዲያ ዘዴ። 4ኬ ላይ ፐርፎርማንስ ሞድ ስታደርጉ ካርዱ በትክክል የሚስለው 1080ፒ ነው፣ ኳሊቲ ብትሉት 1440ፒ ነው፣ ከዚያ ነው ወደ 4ኬ የሚያሳድገው። ሞኒተሩ 4ኬ ይሁን እንጂ ካርዱ ሥራው ቀሎለት ፕሮሰሰሩን "ቀጣዩን አምጣ" እያለ ነው። ሁለተኛው ሬይ ትሬሲንግ ነው፣ የብርሃንን መንገድ እያሰላ የሚስለው ዘዴ፣ ሁሉም ሰው የካርድ ሥራ ብቻ ይመስለዋል ግን ብርሃኑ የሚመታቸውን ነገሮች ዝርዝር በየፍሬሙ ለማደስ ፕሮሰሰሩም ራሱን የቻለ ጫና ይደርስበታል። የኔ 3600 ሬይ ትሬሲንግ ሳበራ ይብስበት የነበረው ለዛ ነው። ፍሬም ጀነሬሽን (በፍሬሞች መሀል ሰው ሠራሽ ፍሬም የሚጨምረውን) አብሩ የሚሉም አሉ፣ አዎ ቁጥሩ ያድጋል፣ መሀል ላይ የሚገቡትን ፍሬሞች ካርዱ ራሱ ስለሚፈጥራቸው ፕሮሰሰሩ አይነካቸውም፣ ግን ማውሱ እጅ ላይ የሚሰማው ስሜት የሚወሰነው በእውነተኛዎቹ ፍሬሞች ነው፣ እነሱ ከቆራረጡ ይቆራርጣል በቃ።

እና ምን ልግዛ ብዬ ሳስብ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የኢንቴሉ ኮር አይ9 14900ኬ ላይ ነበር፣ 24 ኮር፣ እስከ 6 ጊጋሄርዝ፣ ወረቀት ላይ የሚያክለው የለም። ግን ከ24ቱ ትልልቆቹ 8 ናቸው፣ ቀሪዎቹ 16 ትናንሽ ኮሮች ናቸው፣ ሲጫን 253 ዋት ድረስ ይወስዳል፣ 4090 ራሱ 450 ዋት እያለ ሁለቱን አንድ ኬዝ ውስጥ ማሰር ለኔ አልተዋጠልኝም። በዛ ላይ የ13ኛና 14ኛ ትውልድ ቺፖች በቮልቴጅ ምክንያት እየተጎዱ ጌም ክራሽ ማድረግ ጀምረው ኢንቴል በነሐሴ 2024 ማስተካከያ ማይክሮኮድ (በባዮስ በኩል የሚጫን የፕሮሰሰሩ የውስጥ ሶፍትዌር) አውጥቶ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት ያራዘመበት ታሪክ አለ። የሚጠቀም ሰው ባዮሱን (ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ማስነሻ ሶፍትዌር) ሳያድስ ውሎ ማደር የለበትም።

7800ኤክስ3ዲ በተቃራኒው ወረቀት ላይ ብታዩት አይማርክም። 8 ኮር፣ 5.0 ጊጋሄርዝ፣ ወንድሙ 7700ኤክስ እንኳን 5.4 ይደርሳል። ልዩነቱ ካሹ ላይ ነው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው ፈጣን ማስታወሻ ላይ፣ 7700ኤክስ 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ ሲኖረው ይሄኛው ተጨማሪ 64 ተደርቦለት 96 አለው። ጌም የሚፈልገው ዳታ ደግሞ እዚህም እዚያም የተበታተነ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ካሽ ውስጥ ካጣው ራም ድረስ ሄዶ ነው የሚያመጣው፣ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ዝም ብሎ ይባክናል። ካሹ ሲሰፋ ያ ምልልስ ይቀንሳል፣ ለዛ ነው በጊጋሄርዝ ዝቅ ያለው ጌም ላይ የሚበልጠው።

የገጠምኩ ቀን አንድ ነገር አስደንግጦኛል፣ ለሚገዛ ሰው ልንገር። ማዘርቦርዱም ራሙም አዲስ ነው፣ ማብሪያውን ተጫንኩ፣ ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የራም መብራት ቢጫ ሆና ቀረች። ልነቅለው እጄን ስዘረጋ ነው ባዮሱ ብቅ ያለው። ኤኤም5 ላይ (ይሄ ፕሮሰሰር የሚሰካበት የሶኬት ዓይነት ነው) ዲዲአር5 ራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር እስኪግባባ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ አትንቀሉት፣ አታጥፉት፣ ጠብቁት።

ከዛ በኋላ ባዮስ ውስጥ ኤክስፖ (ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያሠራው ሰቲንግ) ማብራት እንዳትረሱ፣ አለበለዚያ 6000 ብላችሁ የገዛችሁት ራም 4800 ላይ ነው የሚሠራው። ግን ከዛ በፊት ባዮሱን አድሱ፣ በ2023 አንዳንድ ማዘርቦርዶች ኤክስፖ ሲበራ ቮልቴጅ አብዝተው ኤክስ3ዲ ቺፖች ተቃጥለው ነበር፣ ኤኤምዲ ከዛ በኋላ ሶክ የሚባለው የፕሮሰሰሩ ክፍል ቮልቴጅ ከ1.3 እንዳያልፍ አስደርጓል፣ አዲሱ ባዮስ ላይ ችግሩ የለም። ራም ሁለት ፍሬ ብቻ ግዙ፣ አራት ከሰካችሁ ፍጥነቱ ይወርዳል።

ውጤቱስ? ያው ሳይበርፐንክ፣ ያው ጎዳና፣ ካሜራውን አዞርኩ፣ ገታ የሚለው ነገር ጠፋ። ካርዱ 97፣ 98 ላይ ቆመ። እኔ የማየው አማካይ ፍሬሙን ሳይሆን ዋን ፐርሰንት ሎው የሚባለውን ነው፣ ማለትም መጥፎዎቹ ፍሬሞች ምን ያህል መጥፎ እንደሆኑ የሚያሳየውን፣ ዓይን የሚሰማው እሱ ስለሆነ፣ ትልቁ ለውጥ የመጣው እዛ ላይ ነው። ፍላይት ሲሙሌተር ላይ ደግሞ ትልቅ ከተማ ላይ ዝቅ ብዬ ስበር ድሮ የማልደፍረው ነገር ነበር፣ አሁን እንደልቤ ነው። የሚወስደው ኃይልም ትንሽ ነው፣ ጌም ላይ እኔ ጋ ከ80 ዋት አልፎ አላየሁትም፣ መካከለኛ የአየር ኩለር በቂው ነው። ጌም ስትከፍቱ ሼደር (ካርዱ ለመሳል የሚጠቀምባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) ሲያዘጋጅ ሙቀቱ ዘለል ይላል፣ ካሹ ኮሮቹ ላይ ስለተደረበ ሙቀት በቀላሉ አይወጣም፣ ወሰኑ 89 ዲግሪ ነው፣ እዛ ካልደረሰ አትጨነቁ።

የማይመቸኝ? ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ አልፎ አልፎ፣ ኤክስፖርት ላይ ብዙ ኮር ያላቸው ይበልጡታል፣ ግልጽ ነው። ሁለቱንም እኩል የምትሠሩ ከሆነ 7950ኤክስ3ዲ አለ፣ 16 ኮር፣ ግን ተጨማሪው ካሽ ያለው ግማሾቹ ላይ ብቻ ነው፣ ጌሙ በትክክለኛው ግማሽ ላይ እንዲሮጥ ዊንዶውስና ድራይቨሩ መስተካከል አለባቸው፣ ለጌም ብቻ ከሆነ ያንን ጣጣ ምን አመጣው።

አሁን ከዜሮ የሚጀምር ሰው፣ በተለይ ከ4090 ቀጥሎ የመጣውን 5090 ካርድ ይዞ፣ 9800ኤክስ3ዲ ይግዛ ነው የምለው። በ2024 መጨረሻ የወጣ ነው፣ 5.2 ጊጋሄርዝ ይደርሳል፣ ካሹን ከኮሮቹ ሥር ስላደረጉት ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ኩለሩ ይወጣል፣ ከኔ ይሻላል። 7800ኤክስ3ዲ ያለው ሰው ግን ለሱ ብሎ አይቀይር። የቀድሞው ሶኬት ኤኤም4 ያለው ማዘርቦርድ ያላችሁ ደግሞ 5800ኤክስ3ዲ ካገኛችሁ ባዮስ አድሳችሁ ስኩት፣ ራምም ማዘርቦርድም ሳትቀይሩ ያው 96 ሜጋባይት ካሽ ታገኛላችሁ፣ እኔ ያልሄድኩበት ማዘርቦርዴ ስላረጀ ነው እንጂ ጥሩ መንገድ ነው። እሱ ከጠፋ 5700ኤክስ3ዲም ካገኛችሁ ይሆናል፣ ትንሽ ዘገም ይላል እንጂ ካሹ ያው ነው።

60 ሄርዝ 4ኬ ቴሌቪዥን ላይ ታሪክ ያላቸውን ጌሞች ብቻ ለምትጫወቱ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልጋችሁም፣ ደህና 6 ኮር ያለው አዲስ ፕሮሰሰር ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት አሁን ባለው ኮምፒውተራችሁ የምትወዱትን ጌም ከፍታችሁ ሪዞሉሽኑን አውርዱት፣ ፍሬሙ ከጨመረ ፕሮሰሰራችሁ ገና አቅም አለው፣ ብሩን ያዙት።