አዶለሰንስን ሦስተኛው ክፍል ላይ አታቁሙት

አዶለሰንስ ስለተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ሦስተኛውን ክፍል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ዋናውን ልጅ ጄሚን የሚጫወተው ኦወን ኩፐር ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ነበር፤ ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ አንዴ ሕፃን፣ አንዴ አስፈሪ ሰው ሲሆን ማየት ያማል። በ15 ዓመቱ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ማግኘቱ ሲያንሰው ነው። እኔን ግን ሆዴን ያላወሰው አራተኛው ነው።

ላላያችሁት፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ የወጣ ባለ 4 ክፍል የእንግሊዝ ድራማ ነው። ፖሊስ በማለዳ በር ሰብሮ ይገባና የ13 ዓመቱን ጄሚን ከአልጋው ላይ ይይዘዋል፤ አንዲት የትምህርት ቤቱን ልጅ ገድለሃል ተብሎ። ልጁ ከድንጋጤው የተነሳ ሱሪው ላይ ሸንቷል። ማን ገደለ የሚለውን ለመገመት ከሆነ የምትከፍቱት ይቅርባችሁ፣ መልሱ የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ ይታወቃል። የቀረው ሁሉ ለምን የሚለው ነው።

እያንዳንዱ ክፍል አንዴም ሳይቆረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተቀረጸ ነው። ለጉራ አልተጠቀሙበትም። ፖሊስ ጣቢያ ልጁ ልብሱን አውልቆ ሲፈተሽ ካሜራው እሱን ትቶ አባቱ ፊት ላይ ይቆያል። ሕጉ ከልጁ ጋር አንድ አዋቂ እንዲገኝ ያዛል፣ ጄሚ የመረጠው አባቱን ነው፤ ስለዚህ ኤዲ መውጣትም ማስቆምም አይችልም። ኤዲ ሆኖ የሚጫወተው ስቲቨን ግራሃም ነው፣ ከጃክ ቶርን ጋር ድራማውን የጻፈውም እሱ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ፊቱ የሚናገረውን ሌላ ተዋናይ በሁለት ገጽ ንግግር አይጨርሰውም።

አራተኛው ክፍል 13 ወር አልፎ፣ ኤዲ 50 ዓመት በሚሞላበት ቀን ነው። የሥራ መኪናው ላይ ስድብ ተጽፎበታል፤ ሚስቱ ማንዳና ሴት ልጁ ሊሳ ቀኑ እንዳይበላሽ ይለፋሉ። ከዚያ ባልና ሚስት መኝታ ቤት ተቀምጠው የት ጋ ነው ያጠፋነው ይባባላሉ። ኤዲን አባቱ በቀበቶ ይገርፈው ነበር፤ እሱ ግን ልጆቼን እንዲህ አላደርግም ብሎ ቃሉን ጠብቋል። ጄሚ ክፍሉን ዘግቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያመሽም ቤት ውስጥ እስካለ ምን ይሆናል ብለው ነበር። ልጁ ኳስ አልችል ብሎ ሌሎች አባቶች ሲስቁበት ኤዲ ዓይኑን ማሸሹን ሲናገር፣ ጄሚ ያንኑ በሦስተኛው ክፍል እንደነገረን ትዝ ይላችኋል። አይቶት ነበር ማለት ነው። በደል ተብሎ የማይከሰስበት ነገር፤ ግን ሁለቱም አልረሱትም።

እነዚህ ክፉ ወላጆች አይደሉም፣ ድራማውም ክፉ ሊያደርጋቸው አይሞክርም፤ ነጻ ናችሁም አይላቸውም። ይህን ነው የወደድኩለት።

ሁለተኛው ክፍል ትምህርት ቤት ውስጥ ሲዞር ትንሽ ይላላል። ዋናው ቅሬታዬ ግን ሟቿ ካቲ ናት። ፖሊሷ ሚሻ ራሷ ሰው የሚያስታውሰው ጄሚን ነው፣ ካቲን ማንም አያስታውሳትም ብላ ታማርራለች፤ ድራማውም ያንኑ አደረገ። የልጅቷን ወላጆች አናያቸውም። አምስተኛ ክፍል ይሠራ ቢባል እኔ የምጠይቀው የነሱን ቤት ነው።