ከግራ ኪስ በላይ የምትሰፋዋ ኖት፦ ሽልማቷ ጥሩ፣ አሰፋፏ ግን ጣጣ

ከ2025 ጀምሮ ስካውቲንግ አሜሪካ በሚባለው ድርጅት ውስጥ በፈቃደኝነት የሚያገለግል ጎልማሳ ሜዳሊያ ቢሸለም ዘወትር አንጠልጥሎት አይዞርም። ሜዳሊያው ለክብረ በዓል ነው። በአዘቦቱ ቀን እሱን የምትተካው ከአውራ ጣት ብዙም የማትረዝም ጥልፍ ናት፤ በላይዋ አንድ የገመድ ቋጠሮ ተጠልፎባታል። መሪዎቹ በአጭሩ «ኖት» (በእንግሊዝኛ ቋጠሮ ማለት ነው) ይሏታል። እንደ ዕቃ ስትታይ ርካሽ፣ ቀላልና ዘላቂ ናት፤ በካኪው ሸሚዝ ላይ ከሚሰፉት ምልክቶች መካከል ግን እንደ እሷ ተገልብጦ የሚሰፋ የለም።

ቋጠሮዋ ግራና ቀኝ አላት። ሁለት ቀለበቶች እርስ በርስ ተጠላልፈዋል፤ አንደኛው በገመዱ ፊት ያልፋል፣ ሌላው በኋላው። ከፊት የሚያልፈው ቀለበት በለባሹ ቀኝ በኩል መሆን አለበት። ሸሚዙ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲሰፋ ታዲያ ነገሩ ይገለበጣል፤ የለባሹ ቀኝ ለሰፊው ግራ ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ስትልኩት ኖቷን በመርፌ ቁልፍ አስይዛችሁ ላኩ እንጂ በቃል አታስረዱ።

ቀለሟም ያሳስታል። የሃይማኖት ሽልማትን በልጅነቱ ያገኘ ሰው በወይን ጠጅ ጨርቅ ላይ የተጠለፈ ብርማ ቋጠሮ ያደርጋል፤ በጎልማሳነቱ የተሸለመው ደግሞ በብርማ ጨርቅ ላይ ወይን ጠጅ ቋጠሮ። ሁለቱ ከርቀት ይመሳሰላሉ። በድርጅቱ የአካባቢ ቅርንጫፍ (ዲስትሪክት) ደረጃ የሚሰጠው የዲስትሪክት ሜሪት ሽልማት ኖት ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ትለያለች፦ በሰማያዊ ጨርቅ ላይ ያለችው ብርማ ቋጠሮ በአንድ ገመድ የተቋጠረች ተራ ቋጠሮ ናት። «የተሳሳተ ዕቃ ላኩልኝ» ብሎ የሚመልስ አይጠፋምና ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ኖቶች ልክ ከኪሱ ክዳን ስፌት በላይ፣ ቢበዛ ሦስት ሦስት እየሆኑ በረድፍ ይሰለፋሉ። ከዘጠኝ ባይበልጡ ይመረጣል፤ ይህ ምክር የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከላያቸው የዓለም ስካውት ወይን ጠጅ አርማ ቦታውን ይዟል፤ ረድፍ ሲጨመር ጥልፎቹ ወደ አርማው ይገፋሉ። የአገልግሎት ኮከብ (ያገለገለበትን ዓመት የሚያሳይ ትንሽ ምልክት) ያለው ሰው ደግሞ ከላይኛው ረድፍ 3/8 ኢንች፣ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በጎልማሳነት ያገለገለበት ዓመት ከሆነ የኮከቡ መደብ ሰማያዊ ነው። አንዱን ሽልማት በሁለት የስካውት ፕሮግራም (ለተለያየ ዕድሜ በተዘጋጁ ክፍሎች) ያገኘ ሰው ሁለት ተመሳሳይ ኖት አይሰፋም፤ በአንዲቷ ላይ ትንሽ የብረት ምልክት ይሰካባታል። የምልክቱ ጀርባ ደረት ይወጋል፤ ጠፍጣፋ መያዣ ብትገዙለት ይሻላል፤ ሸሚዙ ከመታጠቡ በፊትም ይነቀል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ አያያዙ። በወረቀት ተቆርጦ የሚመጣው ማጣበቂያ ለችኩል ሰው ያመቻል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ድክመቱ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ይገለጣል፦ ሙቀቱ ሙጫውን ያለሰልሰዋል፣ መጀመሪያ አንድ ጥግ ይነሳል፣ ከዚያ በየእጥበቱ እየተላቀቀ ይሄዳል። ኖቷን መንቀል ሲያስፈልግ ደግሞ ሙጫው ሸሚዙ ላይ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል። በካውያ የሚለጠፈው ከዚህ ይብሳል፤ ሙጫው የሚፈልገው ሙቀት ናይለን ሸሚዝን ያበላሻል።

ቬልክሮና ማግኔት ኖቶቹን እያፈራረቀ ለሚያደርግ ሰው ይሆናሉ፤ ነገር ግን ጥልፉን ያሳብጡታል፣ ማግኔት ደግሞ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ላለው ሰው ጨርሶ አይሆንም። ሦስት ኖት በአንድ ጨርቅ ላይ አስጠልፎ መስፋት ቀጥ ያለ ረድፍ ይሰጣል፤ አራተኛ ሽልማት መጥቶ ቅደም ተከተሉን መቀየር ያማራችሁ ቀን ግን ሙሉው ቁራጭ ይነሳል።

የኛ ምርጫ የእጅ ስፌት ነው። ሸሚዙ ጥጥ ካለበት አስቀድማችሁ እጠቡት፤ ሳይታጠብ ከተሰፋበት ጨርቁ ሲሸመቀቅ በኖቷ ዙሪያ ይጨማደዳል። ክሩ የኖቷን ጠርዝ ቀለም ይምሰል፤ መርፌው በጠርዙ ጥልፍ ውስጥ ይግባ፤ ስፌቶቹ ትናንሽ ይሁኑ። የስፌት መኪና የምትጠቀሙ ከሆነ የኪስ ክዳኑ ወፍራም ስፌት የመኪናውን እግር እንዳያዘምመው ጠንቀቅ በሉ፤ የታችኛው ረድፍ የሚጣመመው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ክዳኑንም ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት።

አንድ ያልወደድነው ነገር አለ። መደባቸው ካኪ የሆኑት ኖቶች ከሸሚዙ እኩል አይገረጡም፤ ሸሚዙ ሲያረጅ ኖቶቹ መጣፊያ ይመስላሉ። አዲስ ኖት በአሮጌ ሸሚዝ ላይ ሲሰፋ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ስለ አገኛኘታቸው፦ አንዳንዶቹን ሰው ራሱ ይሠራላቸዋል። የስካውተር (የጎልማሳ መሪ) ሥልጠና ሽልማት ሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፤ የስካውተር ቁልፍ ሦስት። መመዝገቢያ ቅጹ በየደረጃው መፈረም አለበት፤ የሚዘገየው ዓመታቱ ካለፉ በኋላ ፈራሚ ሲፈለግ ነው። ሌሎቹ በጥቆማ ይሰጣሉ፤ ራስን መጠቆም የለም፣ ለተጠቋሚውም አይነገርም። የዲስትሪክት ሜሪት በየ25 የስካውት ክፍሎች አንድ ያህል፣ ከ1931 ጀምሮ የሚሰጠው ሲልቨር ቢቨር የተባለው ሽልማት በየ60ው አንድ ያህል ስለሚደርስ ጥቆማው ይቀናቀናል። የተጠቋሚውን ሥራ በስምና በቁጥር ዘርዝሩ፤ «ትጉህ ሰው ነው» ብቻ የሚል ቅጽ ከመቶ አንዱም አይታወስም።

ኖት ስትነቅሉ ከሸሚዙ ውስጥ በኩል ክሩን በስፌት መፍቻ ቁረጡ። ከፊት መጎተት የጥልፉን ጠርዝ ይተረትረዋል፤ ጠርዙ የተተረተረ ኖት ደግሞ ዳግም አይሰፋም።