ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፦ በአንድ አውሮፕላን ወይስ በኢስታንቡል፣ በዱባይ ወይም በፍራንክፈርት?

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቲኬት ለሚቆርጥ ሰው ግን ከርቀቱ ይልቅ መንገድ ላይ አውሮፕላን መቀየርና አለመቀየር ይበልጥበታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ያርፋል፤ ለዓመታት ደብሊን ስታስተናግደው ቆይታለች። ማረፊያው ስለሚለዋወጥ ስትገዙ ጠይቁ። ተሳፋሪው ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ጠብቆ ጉዞውን ይቀጥላል፤ ጠቅላላ ጉዞው 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመልስ ግን ከደለስ ተነስቶ በ13 ሰዓት ገደማ ያለ ማረፊያ ቦሌ ይገባል። ምስጢሩ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ ነዳጅም መንገደኛም ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። ደለስ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲበር ደግሞ የሰማዩ ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል።

በኢስታንቡል በኩል መንገዱ 3,700 እና 8,400፣ በድምሩ 12,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትርፉ 600 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ በአየር ላይ የሚያልፈው ጊዜ ብዙም አይለይም፤ ሁሉን የሚወስነው ኢስታንቡል ላይ የምትጠብቁት ሰዓት ነው። ዋጋው በደንብ ከቀነሰና ጥበቃው ከአራት ሰዓት ካልበለጠ ለወጣት ተጓዥ ይህን እመርጣለሁ። ዱባይ ግን ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ መጓዝ ነው፤ ድምሩ ወደ 13,900 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እዚያ የምትጠይቁት ዘመድ ከሌለ አልመክረውም።

ፍራንክፈርት ከሦስቱ አጭሩ ነው፤ 11,900 ኪሎ ሜትር ገደማ። ነገር ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚያልፍ ሰው የአውሮፕላን ማረፊያ መተላለፊያ ቪዛ ይጠየቃል። ጸንቶ የሚቆይ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከዚህ ነጻ ነው፤ ሰነዱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጁ ይያዝ።

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ለሚሄዱ አባትና እናት ምርጫዬ አንድ ነው፦ ዋጋው ቢጨምርም ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን የማያዘዋውራቸው በረራ። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት በማያውቁት አገር በር ሲፈልጉ ቢሳሳቱ፣ የተረፈው ገንዘብ ያን ጭንቀት አይክስም። ዊልቸርም ቲኬቱ ሲቆረጥ አብሮ ይጠየቅ።

በሌላ አገር በኩል የምትሄዱ ከሆነ ሁለቱን በረራዎች በአንድ ቲኬት ግዙ። ለየብቻ ከተገዙ ሻንጣችሁን መሀል ላይ ተቀብላችሁ እንደገና እንድታስመዘግቡ ልትገደዱ ትችላላችሁ፤ ለዚያም የአገሩ መግቢያ ቪዛ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁም ኪሳራው የእናንተ ነው።

ሰዓቱንም በጥንቃቄ አንብቡ። ዋሽንግተን በክረምታቸው ከእኛ 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ ማታ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት የሚገባ በረራ ቲኬቱ ላይ ከእውነተኛው ያጠረ ይመስላል። በፈረንጆች አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ «ሐሙስ 01፡30» የሚል ቲኬት እኛ ረቡዕ ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል የምንለው ነውና ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ረቡዕ ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።