ፈረንጅ አራዳ ያለው የማታ ስፓኒሽ፦ ለ«ነበር» ሲባል ይከፈልበታል

ስፓኒሽ የጀመርኩት ላሊጋን በራሳቸው ኮሜንታተር ለመስማት ነው፤ የፈለገ ይሳቅ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ክፍል ማታ ማታ የሚያስተምሩን ጋሼ ኩባ የተማሩ ሰው ናቸው። ሰላምታውና ቁጥሩ የትም ይገኛል፣ አልፈዋለሁ። ብሬን ያስረሳኝ ኢምፐርፌክቶ፣ ማለትም ድሮ ይደረግ የነበረውን የሚናገረው የግስ ቅርጽ ላይ ስንደርስ ነው።

ሰንጠረዥ አስቀድመው አይሰጡም። «ልጅ ሆነህ ምን ታደርግ ነበር?» ብለው ያስነሡሃል። አንዱ «ጂረን እንወጣ ነበር» ሲል «ሱቢያሞስ ኣ ጂረን» ብለው ይጽፉለታል። ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ የሚመጣው፦ በ«አር» የሚያልቀው ግስ «አር»ን ጥሎ (እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እኛ፣ እነሱ ለማለት በተራ) አባ፣ አባስ፣ አባ፣ አባሞስ፣ አባን ይላል። «ኤር» እና «ኢር» ደግሞ አንድ ላይ ኢያ፣ ኢያስ፣ ኢያ፣ ኢያሞስ፣ ኢያን። ኮሜር (መብላት) ኮሚያ፣ ቢቢር (መኖር) ቢቢያ። የሚያፈነግጡት ሴር (መሆን)፣ ኢር (መሄድ) እና ቤር (ማየት) ብቻ ናቸው፤ ለአንድ ቋንቋ ይሄ ምሕረት ነው።

አንድ ቀን ቦርዱ ላይ «ቶማባ ካፌ» ጻፉና «ቡና ይጠጣ የነበረው ማነው?» አሉ። ክፍሉ ጸጥ። ለካ እኔም፣ እሱም፣ እሷም፣ አንቱም ልንሆን እንችላለን! ከወሬው ካልታወቀ «ዮ» (እኔ) ወይም «ኤያ» (እሷ) መጨመር ግድ ነው። ደግሞ «ብትጠራኝ እመጣ ነበር» የሚለውን የኛን ነበር እዚህ እንዳናስገባ አስጠነቀቁን፤ እሱ በስፓኒሽ ሌላ ቅርጽ አለው፣ ቤንድሪያ።

ቅሬታ አለኝ። የሚታደለው ሃንድአውት የኮፒ ኮፒ ስለሆነ «ኢ» ላይ ያለችው ጭረት ጠፍታለች። ያቺ ጭረት ከሌለች ኮ-ሚ-ያ የሚባለውን «ኮምያ» ብለህ ታነበዋለህ፤ በእስክሪብቶ እየቀጠልኩ ነው የማጠናው።

ሌላው የ«ቮሶትሮስ» ጉዳይ ነው። «እናንተ» ለማለት ስፔኖች የሚጠቀሙበትን አብላባይስ፣ ኮሚያይስ ጋሼ ይዘሉታል፤ «ኩባ ኡስቴዴስ ነው የሚባለው» ብለው ያልፋሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግን የኔ ላሊጋ ያለው ማድሪድና ባርሴሎና እንጂ ሃቫና አይደለም። ራሴ ከኢንተርኔት ሞላሁት።

የምትመዘገቡ ከሆነ ፊት ወንበር ያዙ፤ ከኋላ የባጃጁ ጡሩምባ ጋሼን ይውጣቸዋል። መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም፣ ስልክ አብርተው ይቀጥላሉ።